የሎሚው ላስቲክ

ምራቴ ሎሚዬን ልትገድል እንደተነሳች የጠረጠርኩት በሦስተኛው ጠዋት ነው። አመሻሽ ላይ ላስቲክ አልብሼው እገባለሁ፤ ጠዋት ስወጣ ላስቲኩ ተገፎ፣ በሥርዓት ታጥፎ ግንዱ ሥር ተቀምጧል። ሌባ አያጥፍም። የሚያጥፈው የቤት ሰው ነው።

ሎሚው ባለቤቴ የተከለው ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ከእጁ የቀረኝ ሕያው ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ውርጭ ደግሞ ለሎሚ ምሕረት የለውም። ልጄ ምራቴን ያመጣት ዘንድሮ ነው። በመጣች በሳምንቷ ግቢውን ቃኘት አድርጋ፣ «ይቺ ጥግ ጥሩ ፀሐይ አላት» አለች። ልብስ ማስጫ አምሯት ነዋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዴ አላመናትም። ለልጄ ብነግረው «እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ጭንቅላቱን አዙራበታለች።

ሽቦ ገዛሁ። ላስቲኩን ከቅጠሉ ጋር አጣብቄ፣ ንፋስ እንኳ እንዳይገባው ከላይ እስከ ታች ጠመጠምኩት። ፒንሳውን ትራሴ ሥር ደበቅኩ። በማግስቱ ዓይኗን በጨው ታጥባ ደጄ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ጠዋት ጠዋት የምገፈው እንዲተነፍስ ብዬ ነው። ላስቲኩም ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ ዙሪያውን እንጨት እንትከልና...»

«ሞኝሽን ፈልጊ» አልኳት። መቀስ ይዛ እንደሆነ እጇን ነበር የማየው።

አራት ቀን አልፈታሁትም። በአምስተኛው ብርዱ ረገብ ሲል ሽቦውን ቆረጥኩና ክው አልኩ። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ማንም አልነካውም፤ እኔው ነኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምራቴ ከቤት ሮጣ መጣች። ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ እያደረገች ቁልቁል ወረደች። ከላይ ቡናማ፣ ከመሃል ቡናማ፤ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ሲቀራት አረንጓዴ ወጣ። «ከሥሩ አልሞተም» አለች። ደግ አደረገሽ የሚል ፊት ፈልጌባት አጣሁ።

«ይህን ሁሉ የምታውቂ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። ጥፋቱ የኔ ሲሆን እጮኻለሁ፤ አመሌ ነው።

«ነገርኩዎት እኮ፣ እማማ» አለች ከቅርፊቱ ቀና ሳትል። «ሦስቴ።»

አንዱን አስታወስኩ። ሌሎቹን ሁለቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋቸው።