ድንኳኑ ስር ያለው መስመር

"ጀምሩ!" አለች ሸይማ፣ ስልኩን በሻርፗ ሸፍና።

ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ የተቀመጠች የሟች ልጅ፣ ያውም በሁለተኛው ቀን በጠዋቱ፣ ስልክ ስታወራ አይቶ ዝም የሚል ሰው ዲላ ውስጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። የደወለው ጋዲሳ ነው፤ የብስክሌት ቡድኗ ልጅ፣ ሞያሌ መነሻው ላይ ቆሞ።

"ሸይሚ፣ ተይ እስቲ። አንቺ ከሌለሽ አራት አንሞላም፤ ዲላ ላይ ከውድድሩ ያስወጡናል። እዚሁ ብንተወው እኮ ማንም አይፈርድብንም።"

"አባዬ ይፈርድብናል። ጀምሩ አልኩህ። ነገ አራት ሰዓት መስመሩ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ።"

አፏን ሞልታ ተናገረች እንጂ እንዴት አድርጋ እንደምትቆም እሷም አታውቅም።

ቅብብሉ ከሞያሌ ሐዋሳ ነው፤ ሁለት ቀን፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ቡድን አራት ሰው። አረንጓዴ ጨርቅ ከአንዱ ክንድ እየተፈታ በሌላው ክንድ ይታሰራል። ሁለቱ ልጆች ዛሬ በረሃውን ይጨርሳሉ። ጋዲሳ ነገ ከቡሌ ሆራ ተነስቶ ተራራውን እየወጣ እየወረደ ዲላ ይገባል። ከዲላ ሐዋሳ ያለው የሸይማ ነው። መቀባበያው ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚሁ ደጃቸው ነው። አባቷ ኸድሩ "ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት" ብሎ አዘጋጆቹን ለምኖ ነው ያመጣው። ነጩን መስመር ኮብልስቶኑ ላይ በገዛ እጁ ቀባ፤ በሦስተኛው ቀን ብስክሌት መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ልቡ ቀጥ አለች።

እና መስመሩ አሁን የት አለ? ድንኳኑ ስር! እድሩ እንደ ወጉ ከሟች ደጅ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ተከለ። መኪና ሲመጣ አይቶ ይመለሳል፣ ለምን የሚል የለም። መስመሩ ላይ የሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ማን መሬት መሬቱን አየ?

"ብስክሌቱ ነው የበላው" አለች ጎረቤታቸው ሸዋነሽ፣ ለሹክሹክታ ትንሽ ጮክ ብላ። "ወንድሙ እኮ ጨርቃ ጨርቅ ነግዶ ፎቅ ሠራ። እሱ ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲለጥፍ!"

"ልጅቷንም አስለከፋት" አለች አጠገቧ ያለችው።

ሸይማ ሰማች፣ ደሟ ፈላ። ጎማ ሲለጥፍ! አምና የት ነበራችሁ?

አምና ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው አንደኛው ልጅ ታመመ። ኸድሩ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። "እኔ አለሁ" አለ። የሳቀበት ሰው ብዛት! ከሞያሌ ሜጋ ያለውን በረሃ ወሰደ፤ በወጣትነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ስንቴ የተመላለሰበትን መንገድ። ሸይማ ሜጋ ላይ ጠበቀችው። ሌላው ቡድን ሁሉ ተቀባብሎ ሄደ። አዘጋጆቹ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ወንበራቸውን መኪና ላይ ጫኑ። አንዱ ቀረብ ብሎ "እህቴ፣ ሽማግሌው አይመጣም፤ መኪና እንላክለት" አላት።

"ይመጣል" አለች፣ ፀሐዩ ላይ እንደቆመች።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ሆኗል።

"ዘገየሁ እንዴ?" አላት።

ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ጨርቁን ክንዷ ላይ አሰረላት፣ በሚንቀጠቀጥ እግሩ ከኋላዋ ዞሮ የብስክሌቷን ኮርቻ ያዘ፣ ሦስት እርምጃ እየሮጠ ገፋትና "ሂጂ!" አለ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የሚያስነሳት። ቡድኑ መጨረሻ ወጣ። ኸድሩ ግን ጨርቁን እንደ ዋንጫ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ሙሐሲን መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ። የወንድሙን ሬሳ ያጠበው እሱ ነው፣ ጉድጓድ የወረደውም እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

"ነገ ትወዳደራለች የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው አጎቴ።"

"ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። ቀትር ላይ ዱዓ ይደረጋል። የኸድሩ ልጅ ከፍራሽ ተነስታ በብስክሌት ስትሮጥ ሰው ምን ይላል?"

"ምን ያላለው አለ? በሕይወቱ ሲሉት የኖሩትን ነው የሚሉት።"

"እኔ ወንድሜን ነው የቀበርኩት!" ድምፁ ተሰበረ። "መሳቂያ አታድርጊብኝ።"

"እኔም አባቴን ነው የቀበርኩት። ተቀምጬ ባለቅስ ይነሳልኛል? እሱ ያለኝ መስመሩ ላይ ቁሚ ነው፤ እቆማለሁ!"

ሙሐሲን ብድግ አለ። ብስክሌቷ ያለበትን የደጃፉን ሱቅ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና "በቃ፣ አለቀ" አለ። እናቷ ሀዲጃ ጥግ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አየች። ሀዲጃ ብስክሌት ወድዳ አታውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከባሏ ሸሚዝ ላይ ግራሶ፣ ያንን ጥቁር የሰንሰለት ቅባት፣ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ናት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸይማ ከፍራሹ ተነሳች። ሴቶቹ "ኧረ ተይ!" ሲሉ አልሰማቻቸውም። ቀጥ ብላ ሄዳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች፤ መሃላቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ባልቻ ተቀምጠዋል።

"አባባ ባልቻ፣ ከእግርዎ ስር መስመር አለ። አባቴ ነው የቀባው። እስቲ ይዩልኝ።"

አቶ ባልቻ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀስ ብለው እግራቸውን ከላዩ አነሱ። መስመሩ ወፍራም ነው፣ ወደ ጫፉ ትንሽ ተጣሟል።

"ድንኳን ዱዓ ሳይደረግ አይነቀልም" አሉ። "የእድሩ ሕግ ነው።"

"አላህ ይስጥዎት" አለ ሙሐሲን።

"ቆይ፣ መች ጨረስኩ! አይነቀልም አልኩ እንጂ ሸራው አይጠቀለልም አልኩ? ኸድሩ በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ከቀብር ቀርቶ አያውቅም፤ በዚችው በብስክሌቱ እየመጣ። አባል ቤት ሥራ ካለ እድሩ ይሠራል። ተነሱ! በዚህም በዚያም ጠቅልሉት፣ ወንበሩን ወደ ዳር!"

ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሳ። ሸራው በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ተጠቀለለ፣ ሦስት ቀን የታፈነው ድንኳን ነፋስ ገባበት።

"ብስክሌቱስ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው!" አለ ሙሐሲን።

"አንተ ጋ ያለው አንዱ ነው" አለች ሀዲጃ ከበሩ። "ከኸድሩ ኮት ኪስ ያገኘሁት እኔ ጋ ነው።"

ሱቁን ከፍታ ብስክሌቱን እየጎተተች አወጣችው። አያያዙን ስለማታውቅ በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው ከኮርቻው ስር ያለውን ብረት ጨምድዳለች፤ ፔዳሉ በየእርምጃው ቅልጥሟን ይመታታል። ኸድሩ ያንን ብረት ግራሶ ቀብቶ ሳይጠርገው ነው የወደቀው።

"እማ…"

"ዝም በይ። መጣልሽ።"

ጋዲሳ ከአስፋልቱ ታጠፈ፣ ጉልበቱ ድረስ ቀይ ጭቃ ለብሶ። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ለቀስተኛው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ይጨበጨባል? ይለቀሳል? "በርታ እንጂ!" ብላ የጮኸችው ሸዋነሽ ናት፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጋዲሳ መስመሩ ላይ ቆሞ ጨርቁን ከክንዱ ፈታ፤ እያለቀሰ ነው።

"ስንተኛ ነን?" አለችው።

"አራተኛ!"

አሰረላት። ሸይማ ኮርቻው ላይ ወጣች፣ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ግን አልሄደችም። ከኋላዋ የሚገፋትን እጅ ስትጠብቅ ነበር። ያ እጅ እንደማይመጣ ትዝ ያላት አሁን ነው።

ኮርቻው ከኋላ ተያዘ። የለመደችው ጉልበት አይደለም፣ አያያዙም ጠማማ ነው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ሂጂ!" አለች ሀዲጃ።

ሸይማ ሄደች። ሀዲጃ የድንኳኑ ጥላ የሚያልቅበት ላይ ቆመች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከደጇ አትርቅም። ልጇ ወደ አስፋልቱ ታጥፋ እስክትሰወር አየቻትና ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

ቀትር ላይ ዱዓው ተደረገ፣ ምሳ ቀረበ። ሸይማ ይሄኔ ጩኮ ከተማን አልፋለች። ሙሐሲን ራሱ ማስታጠቢያውን ይዞ እየዞረ አስታጠበ። ሀዲጃ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን እጇን አልዘረጋችም።

"ታጠቢ እንጂ" አላት ቀስ ብሎ።

ቀኝ መዳፏን ገልጣ አሳየችው። ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ ኸድሩ በቀባው ግራሶ ጠቁሯል።

"አልታጠብም" አለች። "ማንኪያ አምጣልኝ።"

ሙሐሲን መዳፏን ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጦ ማንኪያ ሊያመጣ ሄደ።