ስድስት ወንበር ለአምስት ሰው

«ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም!»

ሻጩ ከፍራሾቹ ክምር ጀርባ ሮጦ ሲደርስ ጠረጴዛው ቀድሞታል። የሚታጠፈው እግር ተስፈንጥሮ ተዘግቶ የገዢዋን ወንድም አመልካች ጣት ነክሶ ይዟል።

«አውጣልኝ እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

«መጀመሪያ ይቺን መቆለፊያ ይጫኗታል። ከዚያ ነው እግሩ የሚታጠፈው።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈበትም?»

«ተጽፏል፣ ጋሼ። ከሥሩ ነው።»

ወንድምየው ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጠረጴዛውን እንደ ባላንጣ ገላመጠው። እህቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ወር የሚበቃ መሳለቂያ ታገኝበት ነበር፤ ዛሬ ግን ወንድሟ ከነጣቱ ያስፈልጋታል።

እህትየዋ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። እንጀራዋ መንዳት ከማይችል ሰው ጎን መቀመጥ ስለሆነ፣ አደጋ ሲሸታት ቀኝ እግሯ ሳታዘው ወለሉን ይረግጣል፤ በአስተማሪው በኩል ያለውን ሁለተኛ ፍሬን ፍለጋ። ዛሬ እዚህ የቤት ዕቃ መደብር ከገባች ጀምሮ ወለሉን ስትረግጥ ነው ያረፈደችው።

ነገ እሷ ቤት ምሳ አለ። ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ የለውም፤ ቢኖረውም ማስቀመጫ የለውም። እሷ፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ሶፋው ላይ ተደርድረው፣ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ነው የሚበሉት። እንግዳ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ሰው ሲመጣ የሚዘረጋ፣ ሰው ሲሄድ ታጥፎ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ የሚቆም ጠረጴዛ ነው። ችግሩ የነገዎቹ እንግዶች እንደ ጠረጴዛው የሚታጠፉ አለመሆናቸው ነው።

አባቷ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ለደም ግፊቱ ኪኒን ሊገዛ ሰፈሩ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሲመላለስ፣ መድኃኒት ከምትሸጠው ሴት ጋር ተግባባ። ግፊቱ ወረደ፤ መመላለሱ ግን አልወረደም። አሁን ሊያገባት ነው። ወንድሟ የሴትየዋን ስም ጠርቶ አያውቅም፤ «ኪኒኗ» ነው የሚላት።

ዛሬ ጠዋት አባትየው ደወለ። «እሷ በማትቀመጥበት ገበታ እኔ አልቀመጥም፣ ልጄ። እስከ ቀትር ቁርጡን ንገሪኝ። ካልሆነ ነገም አትጠብቁኝ፣ ከነገ ወዲያም» አላት። «እሺ፣ አባዬ» አለችው። ስልኩ ሳይቀዘቅዝ ወንድሟ ደወለ። «ያቺ ሴትዮ ከመጣች እኔ የለሁም፤ ከዚያ በኋላ ወንድም አለኝ እንዳትይ» አላት። ለእሱም «እሺ» አለችው። ተማሪዎቿ ቢያደርጉት የምትጮህባቸውን ነገር አደረገች፤ የግራውንም የቀኙንም ፍሬቻ አብርታ መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

ይባስ ብሎ፣ ዕቃ የሚጭነው መኪና የወንድሟ ነው። እሱ በአንድ መሥሪያ ቤት የደንበኞች እርካታ ክፍል ኃላፊ ነው፤ እስካሁን የረካ ደንበኛ ግን ቢሮው ደርሶ አያውቅም። ነጭ ፒክአፕ አለው። ከገዛው ጀምሮ ከራሱ ክብር የከበደ ነገር ጭኖበት አያውቅም።

ሻጩ ሁለት ዓይነት አውጥቶላቸዋል። አንደኛው ባለ አራት ወንበር ነው፤ ጠረጴዛው ጠበብ ያለ፣ ቢደገፉበትም ንቅንቅ የማይል። ሁለተኛው ባለ ስድስት ነው፤ ላዩ ፕላስቲክ፣ እግሩ ብረት፣ መሃል ለመሃል እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ። እሷ ሁለት እጆቿን መሃሉ ላይ አሳርፋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ረገብ አለ።

«ይኸው!» አለ ወንድሟ፣ የተነከሰ ጣቱን እያወዛወዘ። «ነገ ሾርባው ሁሉ ወደ መሃል ነው የሚወርድልሽ።»

«መሃሉን አልቆለፍነውም እኮ፣ ጋሼ።» ሻጩ ጎንበስ ብሎ ከሥር ቀጭ አደረገው። «አሁን ይጫኑት፣ እህቴ።»

ተጫነችው። ፍንክች አላለም። ወንበሮቹን ገለበጠቻቸው፤ እግሮቻቸው የጎማ ቆብ አላቸው፣ ሴራሚክ አይጭሩም። አንዱን በአንድ እጇ አነሳችው። ቀላል ነው፤ ስፖንጁም የሚናቅ አይደለም።

«እኛ አምስት ነን» አለ ወንድሟ ለሻጩ። «እኔ፣ ሚስቴ፣ እሷ፣ ባሏ፣ አባታችን። ልጆቹ ሶፋቸውን አይለቁም። ባለ አምስት የላችሁም?»

«ባለ አምስት አይመረትም። ለአምስት ሰው ባለ ስድስቱን ነው የሚወስዱት።»

«አንዱ ባዶ ሊቀር?»

«ቢቀርስ ምን ይላል፣ ጋሼ? አይበላ፣ አይጠጣ።»

«አንተ አታውቅም። ባዶ ወንበር ሰው ይጠራል።» ወደ እህቱ ዞረ። «ባለ አራቱን ውሰጂ። እኔ ሶፋው ላይ እበላለሁ።»

«አንተ? ወንድምዓለም፣ አንተ ሶፋ ላይ? ባለፈው የተንጋደደ ሹካ ደረሰኝ ብለህ ስንት ጊዜ አኩርፈህ ነው የታረቅከኝ!»

«ለቤተሰብ ሰላም ስል እችለዋለሁ።»

«የቤተሰብ ሰላም ማለት አምስት ሰው አራት ወንበር ላይ ነው?»

«ኧረ ተይ እቱ፣ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። የቸገራት ማወቋ ነው።

ሻጩ ጠብ ሸተተው። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነውና፣ የተጣላ ደንበኛ ባዶ እጁን እንደሚወጣ ያውቃል። «ጠረጴዛ እኮ በዓይን አይመረጥም» አለና ስድስቱንም ወንበር ዘረጋግቶ ዙሪያውን ደረደራቸው። «ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። ነገ የሚመጡትን በየቦታቸው አድርጓቸው፤ ጥበቱም ስፋቱም ያኔ ይታያችኋል።»

ወንድሟ ማንም ሳይጋብዘው ራስጌው ወንበር ላይ ጉብ አለ።

«እዚያ አባዬ ነው የሚቀመጠው።»

«እስኪመጣ ላሙቅለት።»

እሷ በወጥ ቤቷ በኩል ይሆናል ያለችውን ወንበር ያዘች። ጉልበቷ ከብረቱ ጋር አይጋጭም፣ ክርኗ ነፃ ነው፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው። አራት ወንበሮች ባዷቸውን አፍጥጠውባቸዋል። ሻጩ የሚሞላባቸው ሰው ፈልጎ ዞር ሲል፣ ፍራሻቸው እስኪጠቀለልላቸው ቆመው የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አየ።

«እማማ፣ ምን ያቆምዎታል? ኑ እስቲ አረፍ ይበሉ። ጠረጴዛውም ሰው ይይዛል።»

ወንድምየው በአስተዳደጉ አይታማም። «ኖር፣ እናቴ!» ብሎ ብድግ አለ። ከአባትየው ቦታ በስተቀኝ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጎ፣ መሐረቡን አውጥቶ አቧራውን ጠረገላቸው፤ ክርናቸውን ደግፎም አስቀመጣቸው።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ። እሰይ፣ ወገቤን ደገፍ አደረገኝ።» አሮጊቷ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። «ባልና ሚስት ናችሁ?»

«እህትና ወንድም ነን» አለች አስተማሪዋ።

«እሱማ ጭቅጭቃችሁ ያስታውቃል። ባልና ሚስት እንዲህ በአደባባይ አይሟገቱም፣ ለቤት ያቆዩታል።» የወንበሩን ስፖንጅ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እና እኔ አሁን የማንን ቦታ ነው የያዝኩት?»

የአስተማሪዋ ቀኝ እግር ወለሉን ፈለገ።

«የማንም» አለ ወንድሟ።

«የአባታችን እጮኛ» አለች እህቱ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከሁሉም አብልጣ የደነገጠችው ራሷ ነበረች።

አሮጊቷ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ። «እንዴ! የሰው ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥከኝ? ያውም ጠርገህ!»

«ይቀመጡ፣ እናቴ፣ የማንም ቦታ አይደለም—»

«ኧረ ወዲያልኝ! በስተርጅና ጣውንት ልታሰኘኝ!» ወደ ፍራሻቸው ሄዱ፤ ሆኖም ነገሩ የማይሰማበት ድረስ አልራቁም።

«አየህ?» አለች እህቱ። «ለማታውቃቸው ሰው በመሐረብህ ጠርገህ ሰጠህ።»

«እኚህ ምን አደረጉኝ?»

«ያቺስ ምን አደረገችህ?»

መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ «ቅሬታዎን በአክብሮት ተቀብለናል» የሚል። እህቱ ግን ደንበኛ አይደለችም። አሮጊቷ የለቀቁትን ወንበር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«የእማዬ ቦታ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከአባዬ በስተቀኝ። የእማዬ ቦታ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አላይም። በቃ። ሌላ ምንም የለኝም።»

እዚህ ላይ ብትተወው ጥሩ ነበር፤ እሷም መተው ፈልጋ ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትተው ነው የዋለችው።

«የቱ ቦታ?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እማዬ የቱ ቦታ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች? እስቲ አስታውስ። አራት ወንበር ነበረን። አባዬ፣ አንተ፣ እኔ፤ አራተኛው የእንግዳ። እንግዳ በሌለ ቀን የአንተ ቦርሳ ነበር የሚቀመጥበት። እማዬ ምድጃው ጋ ቆማ ነው የምትበላው።»

«እሷማ… ቆሜ ስበላ ነው የሚስማማኝ ትል ነበር።»

«አዎ። ትል ነበር።»

ሻጩ የሌለ አቧራ ከጠረጴዛው ላይ ያራግፍ ጀመር። ወንድምየው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ቆሞ ቀረ። ሰው እውነት ሲነገረው ሁልጊዜ አይለሰልስም፤ አንዳንዱ ይብስበታል። ፊቱ ጠቆረ።

«እናታችንን እዚህ ውስጥ አታስገቢ» አለ። «ለኪኒኗ ብለሽ እናቴን አታንሺብኝ!»

«ባለ ስድስቱን» አለች ለሻጩ። ሻጩ ሐሳቧን ሳትቀይር ደረሰኝ ሊያስቆርጥ ሮጠ።

ውጭ፣ ፒክአፑ ሁለት ጎማውን የእግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ፣ በቂጡ ግማሹን መንገድ ዘግቶ ቆሟል። እንዲህ ያቆመ ተማሪ ቢሆን ፈተና ሳያይ ትጥለው ነበር። ወንድሟ ጠረጴዛውን ጫነ። ወንበሮቹንም አንድ በአንድ እየወረወረ ደረደራቸው። አምስተኛውን ጫነና የኋላውን መዝጊያ ከረቸመው። ስድስተኛው ከመደብሩ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቀረ።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ቀረ።»

«ሞልቷል።»

አንገቷን አስግጋ አየች። ጥጃ የሚያስተኛ ቦታ አለ።

«ሞልቷል ነው የምልሽ! ጠረጴዛውን አደርስልሻለሁ፣ አምስቱን አደርስልሻለሁ። ያንን ግን በመኪናዬ አልጭንም።» ገብቶ በሩን ደረገመና ሞተሩን አስነሳ። ከኋላው የቆመ ታክሲ ክላክሱን ለቀቀው።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። «አባዬ» ይላል። ቀትር ሆኗል። ስልኩ መዳፏ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየችው። አሁን ብታነሳው የምትለው ያው «እሺ» ነው፤ «እሺ» ደግሞ አንገቷ ድረስ ሞልቷል። ጮሆ ጮሆ ዝም እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ወደ ፒክአፑ ኋላ ሄዳ መዝጊያውን ከፈተች፤ አንድ ወንበር ስባ አወረደች።

ወንድሟ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«የእኔን እያወረድኩ።»

«የእኔን ማለት?»

«የእኔን ወንበር ነዋ። የእሷ ካልተጫነ የእኔም አይጫንም። አንተ ሂድ፣ አራቱን አድርስ። አራት አይደል የፈለግከው?»

«አብደሻል? ይሄን ሁሉ መንገድ ሁለት ወንበር ተሸክመሽ?»

ሁለቱን ወንበሮች ግድግዳው ጥግ ዘረጋቻቸው። አንዱ ላይ ተቀመጠች። መንገደኛው ዞር ዞር እያለ ያያታል፤ አንዱ ጎረምሳ ጭራሽ «እህት፣ ወረፋው የምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ስልኳን ከፍታ «መድኃኒት ቤት» ብላ የመዘገበችውን ቁጥር ፈለገች። አባቷ ለክፉ ቀን ብሎ የሰጣት ቁጥር ነው፤ አንድም ቀን ደውላበት አታውቅም። ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ… የአባዬ ልጅ። ሴቷ።»

«ምነው? አባትሽ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። እሱን ብዬ ሳይሆን እርስዎን ብዬ ነው።» ባዶውን ወንበር ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ለነገ ምሳ ወንበር ስገዛ ነበር። ሁለቱ መኪና አጥተው አብሬያቸው መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። ቢመጡልኝ አንድ አንድ እንይዝ ነበር። ቁጭ ብለውም ይሞክሩታል፤ ካልተመችዎት እዚሁ እናስለውጠዋለን።»

ከወዲያ ማዶ መሳቢያ ሲዘጋ፣ ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማች።

«የት ጋ ነሽ፣ ልጄ?»

ወንድሟን አየችው። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ሞተሩ እንደተነሳ ነው፣ መስኮቱም እንደተከፈተ። ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ያምባርቅበታል። አልሄደም።

«ድልድዩ አጠገብ ያለው የቤት ዕቃ መደብር» አለች፣ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መንገድ የዘጋ ነጭ ፒክአፕ ያያሉ። ውስጡ የተቆጣ ሰው አለ። አይፍሩት፤ የኛው ነው።»