የጋሽ እንዳላማው እሪታ

«ሁለት ሰዓት ከዐሥር ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፣ ለስንተኛው ለቀስተኛ እንደሆነ እንጃ። «ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እግሩ ላይ አርፋ ነበር። ‹እግሬን ሞቀኝ› አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

ድንኳኑ ውስጥ ከንፈር ተመጠጠ። የሰኔ ዝናብ ሸራውን ይደበድባል፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች እግራቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል፤ ንፍሮው በሳህን ይዞራል። ልጃቸው የብርጓል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእናቷ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ የተቀበሩት ትናንት ማክሰኞ ነው። ይህን ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች። እናቷ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አንዲት ቃል አልቀነሱም። ለእሷ ግን የአባቷ የመጨረሻ ቃል ሌላ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳሉ ስልካቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ «ውሸታም ተባልኩ አይደል፣ ብርዬ?» ነበር ያሏት።

አባቷ አቶ እንዳላማው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ መስመር ሠራተኝነት ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አምበር፣ ከአማኑኤል እስከ ይጁቤ ያልወጡበት የስልክ እንጨት የለም። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው የወተት ላም ገዙ፤ እሳቸው አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተው ሳሎን ውስጥ ተከሉ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት፣ «ሠላሳ ዓመት ከእንጨት ጋር ተካፍዬው ኖርኩ፣ በእርጅናው ደግሞ ጣውንት አመጣብኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማሽኑ ስም በቤቱ ውስጥ ጣውንት ሆኖ ቀረ።

ሽማግሌው ታዲያ ማሽኑን ለጨዋታ አልገዙትም። በአካባቢው ያሉ ዐሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች የኢሜይል አድራሻ በተሰጣቸው ማግስት የውሸት መልእክት ጎርፍ መጣባቸው። ሽልማት ደርሶዎታል፣ የይለፍ ቃልዎን ይላኩ፣ አድራሻዎ ሊዘጋ ነው። መምህራኑ እያጠፉ ሰለቹ። አቶ እንዳላማው ግን ማጥፋት የሚባል ነገር አልዋጥላቸው አለ።

«ሌባ ግቢህ ሲገባ በር ዘግተህ ትተኛለህ?» ይሉ ነበር። «እሪ ነው የሚባለው። ጎረቤት ይስማ እንጂ።»

እናም አባትና ልጅ ተቀምጠው ፕሮግራም ሠሩ። የብርጓል ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ አጻጻፉ የእሷ ነው፣ ግትርነቱ የአባቷ። ስሙንም እሪታ አሉት። ትምህርት ቤቶቹ የሚደርሳቸው አይፈለጌ መልእክት ሁሉ በእሳቸው ማሽን ያልፋል፤ ፕሮግራሙ ውሸቱን ለይቶ፣ ባሕር ማዶ ላለ ጥቆማ ሰብሳቢ ማዕከል በራሱ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ይህ መልእክት፣ ከዚህ አድራሻ፣ በዚህ ሰዓት ወጥቷል። ማዕከሉ የተባለውን ሰዓት መዝገቡ ላይ አይቶ እውነት ሆኖ ሲያገኘው የአጭበርባሪውን አድራሻ ያዘጋል። ፕሮግራሙን ባሻሻሉ ቁጥር የመጨረሻዋን ቁልፍ፣ «ኢንተር» የምትባለውን፣ መጫን የአቶ እንዳላማው መብት ነበር። አውራ ጣታቸውን ኮታቸው ላይ ይጠርጉና፣ «ተረኛው እኔ ነኝ» ብለው ይጫኗታል። «ተዘግቷል» የሚለውን የመጀመሪያውን መልስ አሳትመው ከሠርግ ፎቷቸው ጎን ሰቀሉት። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ይህንንም ችለው ኖሩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። በዚህ ግንቦት መጨረሻ ግን ነገር ተበላሸ። የብርጓል በሃያ ስምንተኛው ቀን ፕሮግራሙ ላይ አዲስ ክፍል ጨመረች። ከማግሥቱ ጀምሮ ማዕከሉ ጥቆማውን ሁሉ ይመልሰው ጀመር፦ በጠቀሳችሁት ሰዓት እንዲህ ያለ መልእክት አልወጣም። አንድ ሁለቴ ቢሆን ደግ ነበር። ሁሉም ተመለሰ። በመጨረሻ የመጣው ደብዳቤ፣ ሐሰተኛ ጥቆማ እየላካችሁ ስለሆነ እስከ ሐሙስ ማብራሪያ ካልሰጣችሁ ከእናንተ የሚመጣ ጥቆማ ለዘለዓለም አይነበብም የሚል ነበር። ያንን ነው አባቷ ስልካቸው ላይ ያሳዩዋት።

«የኔ ጥፋት ነው፣ አባዬ» አለቻቸው። «የጨመርኩት ክፍል ነው ያበላሸው።»

«እንግዲያው ፈልጊው» አሉ። «እዚያ ላይ ያለው የኔ ስም ነው።»

ከዚያ በፊትም አምስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን መስመር እንደ ምስር ለቅማዋለች። ምንም የለም። አባቷም በማግሥቱ ጠዋት፣ መልሱን ሳይሰሙ ሄዱ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ አንድ ድምፅ። መሳፍንት ነው፣ የይጁቤው የኮምፒውተር መምህር፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከንፍሮው ትንሽ ዘግኖ፣ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በዚህ ሰዓት ማንሣቴ ነውር ነው፣ የብርጓል። ግን የነፃ ትምህርት ዕድል ነኝ የሚለው ሌባ ተመልሶ መጥቷል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ፎቷቸውንና የፈተና መለያ ቁጥራቸውን እየላኩለት ነው። አራት ልጆች ልከዋል።»

«እሪታ አልጠቆመውም?»

«ጠቁሞታል። ማን ይስማው?» መሳፍንት ጣቶቹን አየ። «አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይዘጋ እያሉ ነው። የጋሽ እንዳላማው ማሽን ይዋሻል ይላሉ። እኔ አላልኩም።»

አባቷ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታም ሲባሉ በገዛ ድንኳናቸው ሰማች። ሐሙስ ነገ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ሣልስት ስለሆነ ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ከአምበር ዘመድ መጥቷል፣ ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኞች በአንድ አግዳሚ ተደርድረዋል። መሳፍንትም ከተማ አድሮ ተመልሷል። የእድሩ ጸሐፊ አቶ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት ይገለብጣሉ። አቶ አካለ ወልድ አንዲት ነጥብ የማያልፉ ሰው ናቸው።

«እመቤት፣ እዚህ ላይ ግር ያለኝ ነገር አለ» አሉ። «ያረፈበት ሰዓት ስምንት ከዐሥር ይላል።»

«ሁለት ከዐሥር ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት።

«ወረቀቱ ስምንት ነው የሚለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ቀብረነዋል። በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ተቀበረ ልበል?»

«አጠገቡ ነበርኩ እኮ፣ አካለ ወልድ። ወረቀቱ ነበር አጠገቡ?»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ መሳፍንት፣ ጠቡ ሳይከር ለማብረድ። «ወረቀቱ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስድስት ይቀንሱለት።»

የብርጓል ከፍራሹ ብድግ አለች። ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። አንዲት የአክስቷ ልጅ፣ «ወዴት ነው? ሰው እየገባ» አለች፤ የብርጓል ግን ድንኳኑን ወጥታ ጓሮውን እየሮጠች አቋረጠች።

ሳሎኑ ለለቀስተኛ ሲለቀቅ ጣውንትን ጓዳ አስገብተዋት ነበር፣ በጤፍ ጆንያና በጠላ ጋን መካከል። የብርጓል ተንበርክካ የማሽኑን ሰዓት አየች። ሦስት ከሃያ አምስት ይላል። የእጅ ስልኳን አወጣች። እሱም በአገሩ አቆጣጠር የተሞላ ነው፣ ሦስት ከሃያ አምስት። በዚህ ወር ያንን የማሽን ሰዓት መቶ ጊዜ አይታዋለች፣ መቶ ጊዜም ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ነው ጉዱ። ዓለም ሁሉ ለሚያነበው ጥቆማ ማሽኑ ዘጠኝ ከሃያ አምስት ማለት ነበረበት።

ከማሽኑ ሥር የአባቷን ደብተር ሳበች። አቶ እንዳላማው የመስመር ሥራ ልማድ አልለቀቃቸውም፤ መብራት በሄደ፣ ኬብል በላላ ቁጥር ይመዘግባሉ፣ ከታችም ተረኛው ማን እንደሆነ ይጽፋሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጽሕፈታቸው ተንቀጥቅጧል፣ ሕመሙ ጀምሯቸው ነበር።

ግንቦት 29። መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ባትሪው ደክሞ ሰዓት ጠፍቶበት ተገኘ። ሰዓት ሞላሁ፣ 2፡40። ተረኛ፦ እንዳላማው።

ማሽኑ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዳይወስድ እሳቸው ራሳቸው ድሮ ዘግተውት ነበር፤ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም የእጅ ሰዓታቸውን አይተው በእውነት መለሱለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሪታ ሌባውን እያየ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ጊዜ ይናገር ነበር። አዲሱ ክፍል ንጹሕ ነው። የተመለሱት ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ጥቆማዎች በሙሉ እውነት ናቸው።

የብርጓል እያለቀሰች መሥራት ጀመረች። ሰዓቱን አስተካከለች፣ ከኢንተርኔት እንዲወስድም ከፈተችው። በተመለሰው ጥቆማ ሁሉ ላይ ስድስት ሰዓት የምትጨምር አጭር ትእዛዝ ጻፈች። ለማዕከሉም ደብዳቤ፦ በአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሮ ነው፤ የታመመ ተረኛችን ማሽኑን በእጅ ሰዓቱ ሞላው፤ መልእክቶቹን በታረመው ሰዓት ፈልጉ፣ ታገኟቸዋላችሁ።

ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው መሳፍንት አለ።

«የሣልስቱን ሰው ትተሽ እዚች ላይ ተቀመጥሽ አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። ቁጣ አልነበረባቸውም። «አገኘሽው እንዴ?»

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

«የማን ጥፋት ነው?»

የኔ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅባታል? ነገር ግን ደብተሩ ጭኗ ላይ ተከፍቷል፤ አባቷ አንዲት ነገር ሳይደብቁ ጽፈውታል።

«የአባዬ ነው» አለች። «መብራት ሲመጣ ማሽኑን በእጅ ሰዓቱ ሞላው።»

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ በማን ሰዓት ይሙላው?» አሉ።

መሳፍንት ቀድሞ በሳቅ ፈነዳ። ቀጥላ የብርጓል፣ ከዚያም ራሳቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሳቃቸው እንባ ቀላቀለ፣ በነጠላቸው ጠረጉት።

«አልዋሸም ማለት ነው?» አሉ።

«አንዲትም አልዋሸም። አሁን መልሶ መላክ ብቻ ነው የቀረው። አንቺ ተጫኝው፣ እማዬ። እዚች ላይ።»

እኚህ ሴት ያንን ማሽን አቧራ ለመጥረግ እንኳ በጣታቸው ነክተውት አያውቁም። ጎንበስ አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፣ ልክ እንደ ባላቸው።

«እስቲ ጣውንቴ፣ ዛሬስ እንታረቅ» ብለው ተጫኑ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አርባ ደቂቃ የብርጓል ጤፍ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው። መልሱ ሲመጣ ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ ለመሳፍንት ሰጠችው፣ እሱም ጮክ ብሎ አነበበው። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ከመዝገባችን ጋር አመሳከርን፤ ሁሉም ትክክል ናቸው። ማስጠንቀቂያው ተነሥቷል። ለተረኛችሁ ይቅርታችንን አድርሱልን። ከሥር የአድራሻዎች ዝርዝር ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቃል፦ ተዘግቷል። አምስተኛው የነፃ ትምህርት ዕድሉ ሌባ ነበር። መሳፍንት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ይጁቤ እየደወለ ወጣ።

ወሬው ወዲያው ድንኳኑ ውስጥ ደረሰ። አቶ አካለ ወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እንዳላማው በሠላሳ ዓመት የተሳሳተ መልእክት አላሳለፈም» አሉ። «ዘንድሮም አላሳለፈም። ሰዓቱ ነው እንጂ ቃሉ አልተሳሳተም። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ይቅርታ ጠይቀውታል።»

የመስመር ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ቆባቸውን እያወለቁ ተነሡ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እልልታ ልትወጣ ብላ መሐል ላይ ተቆረጠች፤ ያስጀመረችው ሴት ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሁሉም ወደ ባለ ሐዘኗ አየ።

«በይ ጨርሺው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። «ለእሱ ነው።»

በአቶ እንዳላማው ሣልስት፣ በለቅሶ ድንኳን፣ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

የብርጓል እልልታውን ከጓዳ ሆና ሰማችው። የአባቷን ደብተር በተንቀጠቀጠው ጽሕፈት ላይ ከፈተች፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር በእሳቸው እስክሪብቶ ጻፈች፦ ሰኔ 24። ሰዓት ተስተካከለ። 312 ጥቆማ ደረሰ፣ ታመነ። ከዚያ ተረኛ የሚለውን ቃል ጻፈች፣ እጇም በልማድ «እን» ብሎ ጀመረ። ቆመች። ሁለቱን ፊደላት ሳትሰርዝ ተወቻቸው፣ ከጎናቸውም የራሷን ስም ጻፈች።