አራት ረድፍ የባሕር ሳር

አርክቴክቱ ኤስበን ሜትሩን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አሮጊቷ ቶራ በሩን ከፈቱለት እንጂ ግባ አላሉትም። በዴንማርኳ ሌሶ ደሴት በባሕር ሳር የተከደኑ ቤቶች ጥቂት ቀርተዋል፤ የእሳቸው አንዱ ነው። ኤስበን ከኮፐንሃገን ለመጡ ባልና ሚስት ባሕሩ ዳር የበጋ ቤት እየሠራ ነበር፤ ግድግዳው ባብዛኛው መስተዋት፣ ጣሪያው ግን እንደ ድሮው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ሳር። ይህንኑ ቢነግራቸውም ቶራ አላመኑትም። ጣሪያ የሚከድን ሰው የወጥ ቤታቸውን መስኮት ምን ሊያደርግ ይለካል? ዛሬ ለክቶ፣ ነገ ቤቱን የሚገዛ ሰው ይዞብኝ ይመጣል ብለው ጠረጠሩ።

ስለዚህ የሳሩን አስተሳሰር ሲጠይቃቸው ዋሹት። እናታቸው ያስተማሯቸው፣ ከታች አራት ረድፍ እንደ ገመድ እየገመዱ ከማገሩ ጋር መጠፈር ነው፤ የቀረው ከላይ ይከመራል። ለእሱ ግን አንድ ረድፍ ይበቃል አሉት። ጻፈ፣ አመስግኖ ሄደ።

መከር ሲገባ ቤቱ አለቀ መባሉን ሰምተው በብስክሌት ሄዱ። የወጥ ቤቱ መስኮት የእሳቸው መስኮት ልክ ነበር፤ ባሕሩም በዚያው ቁመት፣ በዚያው ስፋት ይታይበታል። ለዚህ ኖሯል የለካው። ደስ ሊላቸው ሲል ቀና ብለው የጣሪያው ጠርዝ ሸርተት ማለቱን አዩ። ከሥሩ በረንዳው ላይ ሕፃን በጋሪ ተኝቷል። ቶራ ማንንም ሳይጠይቁ ጋሪውን ገፍተው አራቁት። እናትየዋ ሮጣ ወጥታ ጋሪውን ከእጃቸው ነጠቀቻቸው፤ አልፈረዱባትም።

ኤስበንን አስጠርተው ሁሉንም ነገሩት።

«ያኔ ከዋሹኝ፣ እትዬ ቶራ፣ ዛሬስ እውነቱን መናገርዎን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ቢላህን ይዘህ ና፣ የእኔን ጣሪያ ቅደድና እይ።»

የምሩን መጣ። መሰላል አቁሞ ጠርዙን ሰነጠቀው፤ ረድፎቹን በጣቱ እየነካ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። አራት ነበሩ፤ ወረደ።

በማግስቱ አዲሱን ጣሪያ ማፍረስ ጀመሩ። ቶራ ሲገምዱ እሱ ሲያስር ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። እሳቸው የገመዱትን ሁሉ እየጎተተ ይፈትሸው ነበር፤ ቶራም አልተቀየሙትም። በመጨረሻ የቀደደባቸውን ጠርዝ ሊጠግን ቤታቸው ሲመጣ ግን፣ ወንበር አውጥተው ከመሰላሉ ሥር ተቀመጡ፤ ሥራውን እስኪጨርስም ዓይናቸውን ከእጁ አላነሡም።