አጥንት የመሰለው ብስኩት

ለበዓሉ ሁለት ዓይነት ብስኩት ጋገርኩ፤ ክቡ ዘቢብ ያለበት ለእኛ፣ አጥንት የሚመስለው ያለ ዘቢብ ለውሻችን። ዘቢብ ውሻን ሊገድል ይችላል። ባሌ ግን «ላግዝሽ» ብሎ የእኛንም ሊጥ ገሚሱን በአጥንቱ ቅርጽ ቆርጦታል። «ያምራል ብዬ ነዋ!» ያለኝ ከዚያው ብስኩት አራቱን ለውሻው ካቀረበለት በኋላ ነው።

ሮጥኩ። ሳህኑ ባዶ ነው፤ ውሻው አፉን ይልሳል።

«ገደልከው!» ብዬ ጮኽኩበት። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ። «አሁኑኑ አምጪው!» አለኝ። ባሌ የመኪናውን ቁልፍ ሲያጣ እኔ ውሻውን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ።

አማቴ ከሳሎን ብቅ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ደግሞ ለውሻ ብስኩት!» እያሉ ደሜን ሲያፈሉት ነው የከረሙት።

«ምን ያተራምሳችኋል?»

«ዘቢብ በልቶብኝ ነው፣ እማማ!»

«ኧረ ወዲያ! ዘቢብ ለውሻ? ገና ሳይነካው ነው ያነሳሁት። ለሱ ደረቅ ዳቦ ጣልኩለት።»

መሀረባቸውን ፈቱ። አራቱም አሉ፤ አንዱን ገምጠውታል።

ውሻውን አስቀምጬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

«ምነው ልጄ፣» አሉ ደንግጠው፣ «አሞሻል እንዴ?»