የዶክተር ጋርላንድ ኩባያዎች

ከባሕር ስመለስ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣ ነባሪ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ኩባያ ነው፤ ባወራሁ ቁጥርም አንጀቴ ያራል።

ከካናዳው ወደብ ከሴንት ጆንስ የተነሳነው የላብራዶርን ባሕር ውሃ ልንቀዳ ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ በሙሉ የተንጠለጠለው ሦስት ሺህ ሜትር ታች ባለው ውሃ ላይ ነው። መቅጃ ጠርሙሶቹ ከብረት ቀለበት ጋር ታስረው፣ ክዳናቸው እንደተከፈተ ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ከመርከቡ ሆነን እንዘጋቸዋለን።

ባሕር ላይ የምንሠራ ሰዎች አንድ የልጅ አመል አለን። አየር የታጨቀበት ቀላል የፎም ኩባያ ላይ ሥዕል እንስልና በመረብ ከረጢት አድርገን ከጠርሙሶቹ ጋር እናወርደዋለን። የጥልቁ ግፊት ጨምቆ አውራ ጣት አሳክሎ ይመልሰዋል። እኔም እወደዋለሁ። የጉዞው አለቃ ዶክተር ጋርላንድ ግን ያን ቀን የልጁ ክፍል ተማሪዎች የሳሉትን ኩባያ ሁሉ ይዞ መጣ፤ ከረጢቱንም ጠርሙሶቹ አፍ አጠገብ አሰረው።

«ዶክተር፣ ገመዱ ክዳኖቹን ይይዝብኛል። ታች ብረቱ ላይ ይሰሩት» አልኩት።

«ኖሪን፣ አንቺ ገና ዳዴ ስትይ እኔ ይህን አስር ነበር» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ቀለበቱ ወርዶ ሲወጣ ኩባያዎቹ አምሮባቸዋል። የታችኛውን ውሃ መያዝ የነበረባቸው ሦስት ጠርሙሶች ግን አፋቸውን እንደከፈቱ መጡ፤ የከረጢቱ ገመድ ክዳናቸው ላይ ተቀርቅሯል። የያዙት የላይ የላዩን ውሃ ነው፤ ለእኔ ከቧንቧ ውሃ አይሻልም።

ካፒቴን ሄደርሰን በሬዲዮ ጠየቀ፤ «ነፋሱ ሳይደርስብን አንዴ ለማውረድ ጊዜ አለን። ልድገም ወይስ ልሂድ?»

ጋርላንድ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ሂድ። ተማሪዋ ክዳኖቹን በደንብ አላዘጋጀችም። ለእሷ ስህተት መርከብ አናቆምም» ብሎ ሬዲዮውን ዘጋው።

ደሜ ፈላ። መርከበኛው ሁሉ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ ወደ እኔ ዞሮ ያፈጣል። ካፒቴኑ ዘንድ ባዶ እጄን ብሄድ ማን ያምነኛል? አንዱን ጠርሙስ ከነገመዱ መፍታት ጀመርኩ። ብሎኑ ዝጎ እጄን ላጠኝ። ፈትቼው ታቅፌ ወደ ካፒቴኑ ክፍል ስወጣ ጋርላንድ ተከተለኝ።

ካፒቴኑ ገመዱን ጎተት አድርጎ አየ። «የማን ኩባያ ነው?»

«የእኔ» አለ ጋርላንድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስጠይቅህ ይህን ብትለኝ አወርድላት ነበር። አሁንማ ያውልህ» ብሎ በመስኮቱ አሳየው። ባሕሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። መርከቡን ወደ ቤት አዞረው።

ደረጃውን ስንወርድ ጋርላንድ ከኪሱ አንዲት የተጨመቀች ኩባያ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ስሜን ጽፎባታል። «ለማስታወሻ ትሁንሽ። እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«የእኔ አልፈሰሰም፤ አልተቀዳም» አልኩት። ኩባያዋን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። «ለልጅህ ስጠው። ኖሪን ማናት ሲልህ፣ ሬዲዮው ላይ ያልከውን ድገምለት።»