አትሽጥ ያለኝ ሰው

መጀመሪያ የሰማሁት የመዶሻውን ድምፅ ነው። ቋ! ትንሽ ጸጥታ፣ ከዚያ እንደገና ቋ! የስፖርት አዳራሹ በር ተዘግቶ ስለነበር ሰብሳቢውን አላየሁትም፤ የምድጃ ፋብሪካው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ እንደተጀመረ ግን ገባኝ። አውቶቡስ ውስጥ ስለ ጎጆዋ ሳልም መውረጃዬን አልፌ ነው የዘገየሁት። እንዲህ ነኝ።

ጎጆዋ የምላት ሐይቁ ዳር ያለች፣ ቀይ ቀለሟ የተላላጠ አንዲት ክፍል ናት። ባለቤቷ ቅድሚያ ክፍያውን እስከ ዓርብ ካመጣሁለት ለሌላ እንደማይሸጣት ቃል ገብቶልኛል። በእንጨት መሰንጠቂያው ስድስት ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩት በሙሉ ደግሞ ያለው እዚሁ ምድጃ ፋብሪካ አክሲዮን ውስጥ ነው።

እዚያ እንዳስቀምጠው ያደረገኝ ቬርነር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ አስተምሮኛል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የአክሲዮን ክበብ አቋቋመ። ሰባት ነን፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ጡረተኞች ናቸው፤ ግን አንቱ መባባል የለም። በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ተሰብስበን የቀረፋ ዳቦ እየበላን በክበቡ ገንዘብ ምን እንደምንገዛ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ በየግላችንም እንገዛለን። ጥር ላይ ደግሞ ቬርነር የዓመቱን የገበያ ትንበያ ያነብልናል። ዘንድሮም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ። የዋጋ ንረቱ ረግቧል፤ ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ይቀንሳል። ወለድ ሲቀንስ ሰው ቤቱን ያድሳል፤ ቤቱን ያደሰ ሰው ምድጃ ይገዛል። እርሱ ሲያነበው ነገሩ ሁሉ እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዞ ይሄዳል። ስሰማው ጎጆዋን አየኋት፤ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ጭስ ሳይቀር ታየኝ።

መጋቢት ላይ ግን ፈራሁ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው እንደጠፋ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ከስብሰባው በኋላ ወንበር ስናነሳ ጠጋ ብዬ፣ "ቬርነር፣ ልሽጠው እንዴ?" አልኩት።

"ማልቴ፣ አንተ ልጅ፣ ፈተና ላይም እንዲህ ነበርክ። ትክክለኛውን መልስ ትጽፍና መልሰህ ትሰርዘዋለህ።" ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። "አትሽጥ። እኔ አንዲት አክሲዮን አልነካም። ሰባታችንም አብረን ነን።"

አብረን ነን ሲል ደስ አለኝ። አልሸጥኩም።

በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዝርዝሩን ዘረጋችልኝ። ከጉባኤው ስድስት የሥራ ቀን በፊት አክሲዮን በእጁ የነበረ፣ እመጣለሁ ብሎ ያስመዘገበ ሁሉ ስሙ እዚያ አለ። ስሙ ያለ ሰው ቢጫ የድምፅ ካርድ ይሰጠዋል፤ እንግዳ ነጭ ካርድ ይወስዳል። ከጉባኤው በኋላ የሚታደለው ሳንድዊች ለሁለቱም ነው። የእኔ የአባት ስም ሉንዳል ነው፤ የቬርነር ሉንዴል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ዝርዝሩ ላይ አንዳችን ካንዳችን ሥር ነበርን። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሰው አጠገብ የምገኝበት ቦታ ብዙ የለኝም።

ስሜን አገኘሁት። ከሥሬ ሉንድስትሮም የሚባል የማላውቀው ሰው አለ።

"ሉንዴል የት ሄደ?" አልኳት።

"ሽማግሌው መምህር? ገብተዋል። በእንግዳነት ነው የገቡት።" በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ሌላ ወረቀት አሳየችኝ።

ስሕተት ይሆናል ብዬ ገባሁ።

ሰብሳቢው ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። የምድጃ ትእዛዝ በሲሶ ቀንሷል። ለዘንድሮ የትርፍ ድርሻ አይከፈልም። የዓመቱ ቀሪ ጊዜም ከዚህ አይሻልም። ወሬው ጠዋት ገበያው ሳይከፈት ወጥቶ ኖሮ፣ አክሲዮኑ እኔ አውቶቡስ ላይ ሳልም ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። ጎጆዋ እዚያው ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሄደች።

"ድምፅ እንስጥ" አለ ሰብሳቢው። ቢጫ ካርዶች በአዳራሹ ሁሉ ተነሡ። ከፊት ረድፍ የቬርነር እጆች ጭኑ ላይ ነበሩ። ካርዶቹ ወረዱ፤ እንደገና ተነሡ፤ የእርሱ እጆች አልተነሡም።

ጉባኤው አልቆ ለሳንድዊች ስንሰለፍ ሥጋ ሻጭ የነበረው የክበባችን አባል ኬንት የራሱን ከፈት አድርጎ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ የባሕር እንስሳት ቆጠረ። "አሥራ አንድ ሽሪምፕ! አምና ሃያ ነበር። የገበያ ትንበያ ይሏችኋል ይኼ ነው፤ ሌላ ወረቀት ማንበብ አያስፈልግም።"

"ዝም ብለህ ብላ፤ ዘንድሮ ትርፋችን እሱው ነው" አለችው ሂልዱር። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የክበባችንን ቢጫ ካርድ የምታነሣው እሷ ናት።

ቬርነር ከፊታችን ሳህኑን ይዞ ቆሟል። ወደ እርሱ ሄድኩ። ጮክ ብዬ ልናገር አላሰብኩም ነበር።

"መቼ ነው የሸጥከው?"

"ምኑን?"

"ካርድህ ነጭ ነው።"

የነጩ ካርድ ጫፍ ከሸሚዙ ኪስ ብቅ ብሎ ነበር። ሂልዱር አየችው፤ ፊቱን አየች።

"ቢጫውን ቤት ረስተኸው ነው አይደል? ቬርነር፣ ረስቼው ነው በል እንጂ። በል፣ እኔ አምንሃለሁ።"

"ካርድ ቤት አይወሰድም፤ እዚሁ በር ላይ ነው የሚሰጠው" አልኩ።

ኬንት ማኘኩን አቆመ። "ቆይ ቆይ። አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ወር ጨምር፣ ርካሽ ነው ብለኸኝ ጨመርኩ እኮ! ያንተን ነው እንዴ የገዛሁት?" ሊስቅ ጀምሮ ሳቁ መሃል ላይ ቀረ። "መልስልኝ እንጂ! ያንተን ነው?"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የምድጃ ፋብሪካው አክሲዮን በቀን ገዢው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰባት ሰው አንድ ላይ ከሸጠ ዋጋው ይወድቃል፤ ይህንን ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስረዳን ራሱ ቬርነር ነው። እርሱ በዝግታ ሸጦ እስኪጨርስ እኛ መቀመጥ ነበረብን። ትከሻዬን ቸብ ሲያደርግ ቦታዬ ላይ እያቆየኝ ነበር።

"ዓርብ ለሰውዬው ምን ልበለው?" አልኩት። "ስለ ጎጆዋ ነግሬህ ነበር። ጭስ ማውጫዋ ምን ዓይነት ምድጃ እንደሚችል እንኳ አብረን አይተናል። አንድ ቃል ብቻ፤ ሽጠው ብትለኝ ኖሮ…"

እንደ ድሮው፣ ሰሌዳ ፊት እንዳቆመው ተማሪ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። ሂልዱር የኬንትን ክንድ ያዘች።

ቬርነር ያልተነካ ሳህኑን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ከመስቀያው ኮቱን አወረደ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ሦስታችንም ቆመን እያየነው። ከዚያ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።